ሾፌርን ቀስ የሚያስብለው ቅስቀሳ ነው ወይስ ቅጣት?

የቅስቀሳ ባለሙያዋ፦ ካሜራ ያለበት ቦታ ላይ ሁሉም ጨዋ ነው፤ ካለፈው በኋላ ግን ነዳጁን ይረግጣል። አምኖበት እንዲቀንስ የሚያደርገው ቅስቀሳ ብቻ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ደንግጦ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ፣ በአንዲት ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ይጓዛል። 10 ኪሎ ሜትሩን በ50 ፈንታ በ60 ቢነዳው ደግሞ የሚያተርፈው 2 ደቂቃ ነው። ሾፌሩ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ባልፈጠነ ነበር።

የጭነት መኪና ሾፌሩ፦ «ቢያውቅ ኖሮ»! ተባረኪ እህቴ። ለካ ስንነዳ የምንውለው ሳናውቅ ነው! የፍጥነት መለኪያው ቀኑን ሙሉ ዐይኔ ሥር ነው። የምፈጥነው የሚከፈለኝ በምልልስ ስለሆነ ነው። ደም የለበሰ ጫማ የሚያሳይ ፖስተር መንገድ ዳር ሲሰቅሉልኝ ፊቴን አዞራለሁ፣ አበቃ። ደግሞስ እንደ ሜዳ ሰፊና ቀጥ ያለ አስፋልት ዘርግቶ «30» የሚል ታፔላ መትከል ምን ይሉታል? እኔ እጄን አውቃለሁ።

ባለሙያዋ፦ ማንንም ለመስደብ አልጻፍኩም። ቅስቀሳ ከንቱ ነው ካሉ ግን የአውስትራሊያዋን ቪክቶሪያ ግዛት ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1989 በመንገድ የሞቱት 776 ነበሩ። በዚያው ዓመት መገባደጃ በቴሌቪዥን ጠንካራ ቅስቀሳ ተጀመረ፤ በ1992 ሟቾቹ 396 ሆኑ።

ሾፌሩ፦ በዚያው ሰሞን የፍጥነት ካሜራው መብዛቱን፣ ጠጥቶ የሚነዳን የሚይዘው የመንገድ ላይ የትንፋሽ ምርመራም መጠናከሩን ምነው ዘለሉት? የጠሩት ምስክር ለእኔ መሰከረ። ወይስ እኔ ይህንንም «ባላውቅ ኖሮ» ነበር?

ባለሙያዋ፦ ያቺን ቃል እንግዲህ አይለቋትም። እኔም የእርስዎን ልያዝ፦ «እጄን አውቃለሁ»። ይህን የማይል ሾፌር አጋጥሞኝ አያውቅም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን መኪናው ይዞት የሚመጣው ጉልበት አራት እጥፍ ነው፤ እጅ አይቀንሰውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት 1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ 4 በመቶ ያህል ይጨምራል። እጃቸውን የሚያውቁትም እዚያ ውስጥ አሉ።

ሾፌሩ፦ ዕድሜዬን መሪ ላይ ጨርሼ አሁን ደግሞ ፊዚክስ ልማር! እስቲ የሚደርስብኝን ልንገርዎ። መኪናው ላይ መከታተያ ተገጥሟል። 95 ስነዳ ባለንብረቱ ቢሮው ቁጭ ብሎ ስክሪኑ ላይ ያየኛል። ስልኬ ይጮሃል። «ቀንስ» ሊለኝ መሰለዎት? «የት ደረስክ? ዕቃው ይጠበቃል» ነው የሚለኝ። ፖስተርዎን እሱ ቢሮ ይለጥፉት።

ባለሙያዋ፦ እለጥፋለሁ። ግን መልእክቱ ለማን ይድረስ ወደሚለው ከዞሩ፣ መልእክት እንደሚሠራ ተቀበሉ ማለት ነው። የእጅዎን ነገር እስካሁን አልመለሱልኝም።

ሾፌሩ፦ ምንም አልተቀበልኩም። ለባለንብረቱ ፖስተሩ ካልገባው የቅጣት ወረቀት ይላክለት፣ የእኔን ደሞዝ ሳይነካ። እጄን ማየት ከፈለጉ ደግሞ ጋቢና ቦታ አለ፤ ይምጡና ይዩት።