ካቶሊክ ትምህርት ቤት ልጄን ጨዋ አደረገልኝ ወይስ ዝም አሰኘብኝ? የሁለት ወላጆች ክርክር

ሁለቱም የሚኖሩት አዲስ አበባ ነው። ሁለቱም ልጃቸውን ሲስተሮች (ሴት መነኮሳት) በሚመሩት አንድ ካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስገብተዋል። የእናትየዋ ልጅ አሁን 3ኛ ክፍል ናት፤ እዚያው እየተማረች ነው። አባትየው ልጁን ከ2ኛ ክፍል አስወጥቶታል። በጽሑፍ እየተመላለሱ እንዲከራከሩበት ያቀረብንላቸው ጥያቄ «ካቶሊክ ትምህርት ቤት ለልጅ ይመከራል?» የሚል ነበር። የትምህርት ቤቱም የእነሱም ስም እንዳይጠቀስ ተስማምተናል።

እናት

እኔ ይመከራል ባይ ነኝ። ሳላመነታ ነው የምናገረው።

ለምዝገባ የተሰለፍኩት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ነው። ጋቢ ተከናንቤ፣ ከማላውቃቸው እናቶች ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነጋልኝ። ሲነጋ ደግሞ ዕጣ ነው። የልጄ ቁጥር ሲጠራ አለቀስኩ። መርካቶ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ የምሠራ ሰው ነኝ። ሌሎቹ የግል ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ክፍያ ሲጨምሩ የእኔ ደመወዝ አብሮ አይጨምርም። እዚህ ግን የምችለውን ከፍዬ ልጄን አስተምራለሁ።

በልጄ ክፍል የሐኪም ልጅ አለ። የዘበኛ ልጅም አለ። ዩኒፎርማቸው አንድ ነው፣ ቦርሳው እንኳ እንዳይበላለጥ ይቆጣጠራሉ። የልደት ኬክ ክፍል ውስጥ ማምጣት ክልክል ነው። ምክንያቱን ስጠይቅ «ማምጣት የማይችል ልጅ እንዳይሳቀቅ» አሉኝ። ይህን የሚያስብ ትምህርት ቤት ስንት አለ?

ትምህርቱም ትምህርት ነው። ልጄ 1ኛ ክፍልን ስትጨርስ አማርኛ ሳትደናቀፍ ታነባለች። የእጅ ጽሑፏን ያየ ሰው የትልቅ ሰው ይመስለዋል። ቤት ስትገባ ጫማዋን ታወልቃለች፣ ዩኒፎርሟን ትሰቅላለች፣ ከዚያ ደብተሯን ይዛ ቁጭ ነው። ድምጿ አይሰማም። ጎረቤቶቼ «ይቺን ልጅ ምን አድርገሽ ነው ያሳደግሻት?» ይሉኛል። «ሲስተሮቹን ጠይቁ» እላቸዋለሁ።

አባት

«ድምጿ አይሰማም» የምትለዋን ሦስቴ አነበብኳት። እህቴ፣ ልጅዎ 3ኛ ክፍል ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ቢሆን ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት መጥታ ድምጿ ካልተሰማ እኔ ጎረቤት ብሆን አላደንቅም፣ እጨነቃለሁ።

ለምን እንደምጨነቅ ልንገርዎ። የእኔም ልጅ ድምፁ አይሰማም ነበር። እኔም እንደ እርስዎ «ጨዋ ሆነ» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ገላውን ሳጥበው ሁለቱም ጉልበቶቹ ቆስለዋል። ወድቆ መስሎኝ ነበር። አልወደቀም። ሐሙስ ጠዋት ግቢው ውስጥ ጠጠር ላይ አንበርክከውት ነው። ያረፈደው 20 ደቂቃ ነው። ዝናብ ነበር፣ የታክሲ ሰልፉ አላልቅ አለ። ያረፈድኩትም እኔ ነኝ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ታክሲ አይጠራም። «ለምን አልነገርከኝም?» ስለው «ዝም በል ተብዬ ነው» አለኝ። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ለአባቱ እንኳ ዝም አለ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ ይሰጥ ይላል። ልጆቻችን ግን ጠዋት ጠዋት በሰልፍ ላይ ጸሎት ያደርሳሉ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ካቶሊክን የመንግሥት ሃይማኖት ባደረጉት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የሆነውን ታሪክ ላይ አንብቤያለሁ። በ1624 ዓ.ም. ሕዝቡ «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» ያለው በከንቱ አይደለም። እርስዎን ይህ አላሳሰበዎትም?

እናት

ስለ ልጅዎ ጉልበት አዝናለሁ። እውነቴን ነው። ማንም እናት ብትሆን ታዝናለች።

ግን እርስዎ ልጄን አላዩአትም። አይተዋት የማያውቁትን ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነሥተው የተጨቆነች አደረጓት። ይህ ከብዶኛል። እኔ ልጄን ያመሰገንኩ መስሎኝ ነበር የጻፍኩት።

ወደ ሃይማኖቱ ልምጣ። እኔም ኦርቶዶክስ ነኝ። ልጄ ማተቧን አስራ ነው የምትሄደው፣ አንድም ቀን ፍቺው ያላት የለም። ረቡዕና ዓርብ ምሳ ዕቃዋ ውስጥ የምቋጥርላት ሽሮ ነው። አንዴ ተሳስቼ ዓርብ ቀን እንቁላል ብቋጥርላት «ዛሬ ዓርብ አይደል እንዴ?» ብለው የጠየቋት አስተማሪዋ ናቸው። ማታ እኔን ወቀሰችኝ። ጾሟን ያስታወሳት ካቶሊኩ ትምህርት ቤት ነው ማለት ነው።

ሱስንዮስን አነሡ። ያኔ ሕዝቡን ያስቆጣው እኮ የውጭዎቹ መነኮሳት ጾሙንና ሥርዓቱን እንለውጥ ማለታቸው ነው። የዛሬዎቹ የአዲስ አበባ ካቶሊኮች በግዕዝ ሥርዓት ይቀድሳሉ። ገናንም እንደ እኛው ታኅሣሥ 29 ያከብራሉ። አንድ ጊዜ ለወላጆች ቀን ሄጄ ቅዳሴያቸውን ሰምቻለሁ። ዓይኔን ብጨፍን የሰፈሬ ቤተ ክርስቲያን ያለሁ ነበር የሚመስለኝ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በሀገሪቱ ካቶሊክ ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። ይህን ሁሉ ዘመን ስንቱን የኦርቶዶክስ፣ የሙስሊምና የጴንጤ ልጅ አስተምረዋል። ዓላማቸው የልጅ ሃይማኖት መቀየር ቢሆን ቁጥሩ እዚህ ላይ ይቆም ነበር?

አንቀጽ 90ን ጠቅሰዋል። አንቀጽ 27ንም ይጥቀሱት እንጂ። ወላጅ ልጁን በእምነቱ የማሳደግ መብት አለው ይላል። እኔ ልጄ ጠዋት «አባታችን ሆይ» ብላ ቀኗን ብትጀምር ደስ ይለኛል። ይህ የእኔ ምርጫ ነው። የክፍል ጓደኛዋ ሙስሊም ናት፣ በጸሎት ሰዓት ዝም ብላ ትቆማለች፣ የሚያስገድዳት የለም።

ለመሆኑ ልጅዎን አስወጥተው የት አስገቡት?

አባት

ሃይማኖቱን እንተወው። የተነሣሁበት እሱ አይደለም።

የተነሣሁበት ድምፅ ነው። አሁንም ራስዎ ጻፉት፤ ሙስሊሟ ልጅ «ዝም ብላ ትቆማለች» አሉ። ልጅዎ ዝም ትላለች፣ ጓደኛዋ ዝም ትላለች፣ የእኔም ልጅ ቆስሎ ዝም አለ። እርስዎ ይህን ሁሉ ጨዋነት ይሉታል። እኔ ፍርሃት እለዋለሁ። ጨዋ ልጅ ትልቅ ሰው ሲያይ ይነሣል፣ ሲጠየቅ ደግሞ ቀና ብሎ ይመልሳል። የፈራ ልጅ መሬት መሬት ያያል። ልዩነቱን ወላጅ ያጣዋል ብዬ አላምንም።

ካቶሊክ ስለሆኑም አይደለም ክርክሬ። የራሳቸው ቅዱስ፣ የሳሌዢያን ማኅበርን የመሠረቱት ጣሊያናዊው ቄስ ዶን ቦስኮ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1877 ስለ ልጅ አስተዳደግ ጽፈዋል። ልጅ በማስረዳት፣ በሃይማኖትና በፍቅር ይያዝ ነው ያሉት። ቅጣትን አስቀድሞ የሚያስቀር አያያዝ ይሻላል ብለው ነው ያስተማሩት። የእሳቸው ማኅበር እኛም ሀገር ትምህርት ቤቶች አሉት። እንግዲህ ጠጠር ላይ ማንበርከክ ከየት መጣ? ከካቶሊክነት አልመጣም። ከእኛው ነው የመጣው። «እኛም ተንበርክከን ነው ያደግነው» ከሚል ወላጅ ነው የመጣው። ወላጅ ዝም ሲል ትምህርት ቤቱ ይቀጥላል።

የት አስገባኸው ላሉት፣ ሰፈራችን ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ተማሪው ይበዛል፣ ግቢው ጫጫታ ነው። ምገባ አለ፣ ቁርሱንም ምሳውንም ከጓደኞቹ ጋር ይበላል። በመጀመሪያው ወር አስተማሪውን «ይሄ አልገባኝም» ብሎ በክፍሉ ፊት ጠየቀ። ማታ እየተንቀጠቀጠ ነገረኝ፣ ሊቀጡኝ ነው ብሎ። አልቀጡትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ወሬ አያልቅም። ራት ላይ እኔና እናቱ መነጋገር አልቻልንም፣ እሱ ነው የሚያወራው። በዚህ ደስተኛ ነኝ።

የእርስዎ ልጅ ራት ላይ ምን ታወራለች? መልስ እፈልጋለሁ።

እናት

ራት ላይ ብለው ጠየቁኝ።

እኔ ከመርካቶ ወጥቼ፣ ታክሲ ተሰልፌ፣ ቤት የምገባው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። አንዳንዴ 2 ሰዓት ተኩል። ራቷን የምታበላት አክስቷ ናት። እኔ ስደርስ ደብተሯን አሳይታኝ ትተኛለች። የእርስዎ ቤት እናትም አባትም ራት ላይ ይቀመጣሉ። እግዚአብሔር ያቆያችሁ። የሁሉም ሰው ቤት ግን እንደዚያ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርዎ፣ መናገር አልፈልግም ነበር። የምንኖረው አንድ ክፍል ተከራይተን ነው። ግድግዳው ኮምፖርሳቶ ነው። ወዲያ ማዶ ሌላ ተከራይ አለ፣ ሕፃን ያስተኛል። ልጄ ትንሽ ከዘለለች አከራይዋ መጥታ ታንኳኳለች። ባለፈው ዓመት «ልጅሽን ያዢ፣ አለዚያ ቤት ፈልጊ» ብላኛለች፣ ልጄ እየሰማች። ከዚያ ወዲህ ነው ድምጿ የማይሰማው። ጎረቤቶቼ ሲያደንቁኝ «ሲስተሮቹን ጠይቁ» የምላቸው ምን ልበላቸው ብዬ ነው? እናንተ ስለምትሰሙን ነው ልበል?

አሁን ይኸው አወቁት። ሦስት ጊዜ ያቺን ዓረፍተ ነገር እየደጋገሙ ወጉኝ። ፍርሃት ነው አሉ። አዎ፣ ልጄ ትፈራለች። የምትፈራው ግን ቤት ማጣት ነው። ይህን ያስተማራት ትምህርት ቤቱ አይደለም።

ሲስተሮቹ የሰጧት ሌላ ነገር ነው። አክስቷ እስክትመጣ ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ እዚያው ግቢ ውስጥ እንድታጠና ፈቅደውልኛል። አክስቷ 11 ሰዓት ላይ ትወስዳታለች። ለዚህ ሳንቲም አልከፈልኩም። ትምህርት ቤት ሳማርጥ የማየው ይህን ነው። ልጄን ማን ይጠብቅልኛል? የእርስዎ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ቤትዎ ሞልቶልዎታልና።

አባት

እህቴ፣ የአከራይዎን ነገር አላውቅም ነበር። ባውቅ ያቺን ዓረፍተ ነገር እንደዚያ አልይዛትም ነበር። ለልጅዎ ያልኩትን መልሼ እወስዳለሁ። ለዚህ ይቅርታ።

ቤቴ ሞልቶልኛል ማለትዎ ግን ልክ አይደለም። እኔም ተከራይ ነኝ። ያ ጠዋት ያረፈድንበት ምክንያት ቤት ከፍለን መኖር አቅቶን ወደ ከተማው ዳር በመውጣታችን ነው። ልጄ የተቀጣው በኪራይ ነው ብል አላጋነንኩም።

ግን ይህ ክርክሬን አያፈርሰውም፣ ያጠነክረዋል። ቤት ውስጥ መጮኽ ካልቻለች የምትጮኽበት ቦታ ትምህርት ቤቷ መሆን አለበት። አከራይ የማያንኳኳበት፣ ማንም «ዝም በይ» የማይልበት ቦታ ለእሷ የቀረው ያ ግቢ ብቻ ነው። እዚያም አከራይዋ ያለችውን ከሰማች የት ትሂድ? ከሰዓት በኋላ እንድታጠና ፈቀዱላት አሉ። ደግ ናቸው። እኔም ደግነታቸውን አልካድኩም፤ ልጄ ዛሬም በዚያ በር ስናልፍ የ1ኛ ክፍል መምህሩን ሰላም ለማለት እጄን አስለቅቆ ይሮጣል። ግን ያጥኑ እያሉ ብቻ ከሆነ ቁጭ ብለው ነው፣ ዝም ብለው ነው።

በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ እርስዎ ይገባሉ፣ እኔ መግባት አልችልም። የመንበርከኩን ነገር እዚያ ያንሡልኝ። የልጄን ስም አይጥሩ። ጠጠሩን ብቻ ይንገሯቸው።

እናት

አነሣዋለሁ። ስብሰባው ቅዳሜ ነው፣ ግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቄያለሁ።

ስለ ድምፁ ግን ልክ አይደሉም። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የእረፍት ደወል ሲደወል በኋለኛው አጥር በኩል ይለፉ። ገመድ የሚዘሉት እዚያ ጋ ናቸው። ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ የምትቆጥረው ልጅ የእኔ ናት።