የነዳጅ ድጎማው ለታርጋ ነው ለሰው?

ይሄን ካልፃፍኩ ዛሬ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ጠዋት 12 ሰዓት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ፣ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ወደ ደብረ ሲና የምትሄድ አንድ ሚኒባስ ብቻ። ረዳቱ ታሪፉን እጥፍ አርጎ ይጠራል። "ታሪፉ እኮ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል" ስለው "ታዲያ ወረቀቱን ተሳፈረዋ!" አይለኝም 😅

አጠገቤ አንድ እናት መቀነታቸውን ፈተው የተጣጠፈች ብራቸውን ሁለቴ ቆጠሩ፣ አልሞላም። ልጨምርላቸው ብል "ተወው ልጄ፣ የሳምንቱንስ ማን ይከፍልልኛል" ብለው ዘንቢላቸውን አንስተው ወረዱ።

2014 ሐምሌ ላይ ምን ነበር የተባልነው? ድጎማው ቀስ በቀስ ይነሳል፣ የሕዝብ ትራንስፖርት ግን በቴሌብር እየተደጎመ ይቆያል፣ ደሃው አይጎዳም። ሐሳቡን አልቃወምም፣ ድሮማ ቪኤይት የሚነዳው ሰውዬ ፉል ባስሞላ ቁጥር ከእኚህ እናት በላይ እሱ ነበር የሚደጎመው። ግን ያኔ 47 ብር ከ83 የነበረው ቤንዚን 2017 ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ 101 ከ47 ገባ፣ የተመዘገበው ደግሞ ታርጋው እንጂ ተሳፋሪው አይደለም፣ ብሩ ባለመኪናው ጋ ከደረሰ በኋላ እኛ ጋ መድረሱን ማን አየ?

ሾፌሩም እኮ ውሸቱን አይደለም። ማደያ ተሰልፎ ያድራል፣ "አልቋል" ይሉታል፣ ዞር ሲል ያው ቤንዚን በሃይላንድ ይሸጣል። ድጎማ ቢኖርም ማደያ ላይ ነው፣ ሃይላንድ ላይ ምን ድጎማ አለ? ያንን ኪሳራ እኛ ላይ ያወራርደዋል።

ደሞ መኪና የማይሳፈር ሰውም አልቀረለትም። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኖ የጣርማበርን ዳገት እያቃሰተ የሚወጣው አይሱዙ መጀመሪያውኑ ድጎማው ውስጥ አልገባም፣ የናፍጣውን ሂሳብ ሽንኩርቱ ላይ ነው የሚጥለው። ላምባም አብሮ ወጥቷል፣ ኩበት የሌለው የከተማ ደሃ በምን ያብስል?

እኔ የምለው፣ ሴፍቲኔት ብላችሁ ደሃውን መዝግባችሁ አካውንት ያስከፈታችሁት ለምንድነው? ነዳጅ በጨመረ ቁጥር እዛው አካውንት ላይ ጣል አርጉላቸው፣ በመኪና ዞሮ ከሚመጣ። እናትየዋም በራሳቸው ብር ይሳፈራሉ።

እኔ? ከፈልኩ እንጂ ምን አመጣለሁ። የጣርማበርን ዋሻ ስናልፍ ረዳቱን መልሴን ብጠይቀው "ዝርዝር የለም" 🙄