ሞተሩን ከፍ ከማድረጋችሁ በፊት የውሃ መሳቢያውን እዩ

ሞተሩ ከኋላው ስለሚንጠለጠል ፈጣን ጀልባ በተወራ ቁጥር አንድ ምክር ይደጋገማል፦ «ፍጥነት ከፈለግህ ሞተሩን ወደ ላይ አንሳው፤ ጊርቦክሱ የፈለገው ዓይነት ይሁን።» ጊርቦክስ የሚባለው ውሃ ውስጥ የሚገባው፣ ፕሮፔለሩን (ጀልባውን የሚገፋውን ተሽከርካሪ) የያዘው የሞተሩ የታች ክፍል ነው። ምክሩን የሚሰጡት በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ። ግማሹም እውነት ነው። ውሃ ውስጥ የሚጎተተው የጊርቦክስ አካል ሲያንስ ጀልባው ይፈጥናል። ስህተቱ «የፈለገው ዓይነት» የሚለው ላይ ነው።

በአብዛኞቹ መደበኛ ጊርቦክሶች ላይ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ የሚገባው በጎንና በጎን ባሉ ቀዳዳዎች ነው። ቀዳዳዎቹ ያሉት ከፕሮፔለሩ ዘንግ ከፍ ብለው ነው። ሞተሩ በጣም ሲነሳ ከውሃ ይወጣሉ፤ የውሃ ፓምፑም አየር መሳብ ይጀምራል። ይሄ በሙሉ ጋዝ ላይ ከሆነ ሞተሩ ወዲያው ይግላል፣ ፒስተን እስከ መጣበቅ ይደርሳል። ሞተሩ ከፍ ተደርጎ እንዲሠራ ታስቦ የተሠራው ጊርቦክስ ግን ውሃ የሚስበው ዝቅ ብሎ፣ ከአፍንጫው (ከፊት ጫፉ) ነው።

ማረጋገጡ ቀላል ነው። ጀልባው ተጎታቹ ላይ እያለ ሞተሩን ቀጥ አድርጉት። ቀጥ ያለ ጣውላ ከጀልባው ሆድ ሥር ለጥፋችሁ እስከ ጊርቦክሱ አስረዝሙ። ቀዳዳዎቹ ከጣውላው በላይ ከሆኑ ተጠንቀቁ። ከዚያ የውሃ ግፊት ጌጅ (መለኪያ) ግጠሙና ሞተሩን በጥቂት በጥቂቱ እያነሳችሁ ሞክሩ። መርፌው ከተንቀጠቀጠ ወይም አምራቹ ካስቀመጠው ዝቅተኛ ግፊት በታች ከወረደ ሞተሩን መልሱት። ከሞተሩ ጎን የምትፈሰውን ቀጭን ውሃ ብቻ አይታችሁ ግን አትመኑ፤ ግፊቱ ወርዶም ልትፈስ ትችላለች።