ይድረስ በደጃፌ ቀዳዳ ለምትሾልከው በራሪ ወረቀት

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ እንዳልል ናፍቆትህ እንኳን አልያዘኝም። ትናንት ማታ መጥተሃል፣ ዛሬ ጠዋትም መጥተሃል፣ አሁን ይህን ስጽፍም በሩ ሥር ምንጣፉ ላይ በጀርባህ ተንጋለህ ጣሪያውን እያየህ ነው። የለንደን ካውንስሎች፣ የየአካባቢው ምክር ቤቶች ማለት ነው፣ ምርጫ ሐሙስ ሜይ 7 ቀን 2026 ነው። በእኛ ሚያዝያ 29፣ የአርበኞች ቀን በዋለ በሁለተኛው ቀን። አራት ዓመት ሙሉ ደጄን ረግጠህ የማታውቀው ሰውዬ ከፋሲካ ወዲህ መውጫ መግቢያ አሳጣኸኝ።

መጀመሪያ ስምህ። በራሪ ብሎ ያወጣልህ ማነው? በርረህ አታውቅም። ግማሽ ገላህን ታስገባና ግማሹን ውጭ ትተህ እንደ ምላስ ተንጠልጥለህ ታድራለህ፣ በከፈትካት ስንጥቅ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ይገባል። ማሞቂያ የምከፍለው ለአንተ አይደለም እኮ። "የማስታወቂያ ወረቀት አታስገቡ" ብዬ በሩ ላይ ለጥፌያለሁ። የሚያመጣህ ሰው አላየውም እንዳትለኝ፣ ከመስኮት ሆኜ አይቼዋለሁ። አነበበ፣ ፈገግ አለ፣ አስገባህ። ውሻ ያለበት ቤት ሲደርስ ግን ጣቱ እንዳይነከስ በእንጨት ማንኪያ ነው የሚገፋህ። እኔ ውሻ የለኝም። ጥፋቴ እሱ ነው።

ሰውየው ላይ ግን አልጨክንም። በፓርላማ ምርጫ እያንዳንዱ ዕጩ አንድ ወረቀት በፖስታ በነፃ ያስልካል፣ ለካውንስል ምርጫ ግን ይህ መብት የለም። ስለዚህ አንተን የሚያዞርህ አብዛኛውን ጊዜ ሳንቲም የማይከፈለው፣ ቅዳሜውን የሠዋ፣ ዝናብ የሚቀጠቅጠው የፓርቲ ወዳጅ ነው። እሱን ሻይ ብጋብዘው ደስ ይለኛል። ጠቤ ከአንተ ጋር ነው።

ፎቶህን እንመልከት። ሁሌ አንድ ነው። አንድ ሰው ኮቱን ቆልፎ፣ ፊቱን ለቅሶ ቤት የገባ አስመስሎ፣ መንገድ ላይ ያለ ጉድጓድ በጣቱ ያሳያል። እኛ ሰፈር አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ያለው ጉድጓድ በዚህ ወር ብቻ በሦስት ፓርቲ ወረቀት ላይ ወጥቷል። አንዱ ተንበርክኮ፣ አንዷ እጇን አጣጥፋ፣ ሦስተኛው በሜትር እየለካ። እንዲህ ፎቶ የተነሳ ሙሽራ አላውቅም። አካፋ ይዞ የመጣ ግን አንድም የለም። ቢደፈን ነገ የት ሄደው ፎቶ ይነሱ? እኔ እስከ ሜይ 8 በአደራ የተቀመጠ ይመስለኛል።

ከዚያ ያ የፓርቲዎችን ድምፅ የሚያወዳድር የዓምድ ሥዕልህ አለ። የአንተው ፓርቲ ረጅም፣ የተፎካካሪው ከአንገቱ በላይ ብቅ ያለ፣ የሦስተኛው ደግሞ እንደ ቡና ስኒ አጭር። ሥሩ ላይ በትልቁ "እዚህ ሰፈር እነሱን ማስቆም የምንችለው እኛ ብቻ ነን" ይላል። በዚህ ዓምድ ነገር የሊበራል ዴሞክራቶች ስም በአገሩ ሁሉ ወጥቷል፣ ሰው ይቀልድባቸዋል፣ አሁን ግን ያልኮረጀው ፓርቲ የለም። ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት። ማስመሪያዋን አምጥታ ለካችህ። ቁጥሮቹ ለጥቂት ነው የሚበላለጡት፣ ዓምዶቹ ግን አንዱ የሌላው እጥፍ ሆነው ተስለዋል። "አባዬ፣ ቲቸር ይሄን ብታየው ኤክስ ታደርግበት ነበር" አለችኝ። የላኩትም ኤክስ እንድናደርግበት ነው አልኳት።

ነገሩ የሚመጣው ከአቆጣጠሩ ነው። እዚህ አንድ የምርጫ ክልል አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ተወካይ ይልካል፣ መራጩም እስከዚያው ቁጥር ድረስ ኤክስ ያደርጋል፣ ብዙ ድምፅ ያገኙት ይገባሉ፣ አለቀ። ግማሽ ያህሉን ማግኘት ግዴታ አይደለም፣ ሁለተኛ ምርጫም የለም። ስለዚህ "ውደደኝ" የሚለኝ የለም። ሁሉም "ያኛውን ፍራ" ነው የሚለኝ። አንዱን መርጬ ከጣቢያው ስወጣ ሰው ሳይሆን አጥር የመረጥኩ ነው የሚመስለኝ። ግላስጎው ያለችው የአክስቴ ልጅ በዚህ ነገር ትስቅብኛለች። ስኮትላንድ ከ2007 ጀምሮ ለካውንስል ሲመረጥ 1፣ 2፣ 3 እየተባለ በደረጃ ነው፣ የወደድከውን አንደኛ፣ ያልጠላኸውን ሁለተኛ። "እናንተ ገና በኤክስ ነው እንዴ?" ትለኛለች፣ ኤክስ ማለት ፊደል ላልቆጠረ ሰው ነው ብላ።

እሷ ደግሞ በኢትዮጵያ ፓስፖርቷ ነው የምትመርጠው። ስኮትላንድ በ2020፣ ዌልስ ደግሞ በ2021 ባወጡት ሕግ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ሰው ዜግነቱ ምንም ይሁን ለካውንስል ይመርጣል። እንግሊዝ ውስጥ ግን እንግሊዛዊው፣ አየርላንዳዊው፣ የኮመንዌልዝ አገር ዜጋውና የተወሰኑ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ብቻ ናቸው። ናይጄሪያዊው ጎረቤቴ ይመርጣል። ኬንያዊቷ ትመርጣለች። እኔ ግን ዓመታት ካውንስል ታክስ እየከፈልኩ ተመልካች ነበርኩ። ሬስቶራንት ስንሰበሰብ ሁሌ "የአድዋ ዋጋ ነው፣ ተገዝተን ቢሆን እንመርጥ ነበር" የሚል አይጠፋም። ሁሌ ደግሞ "ጣሊያን ቢገዛህስ ኮመንዌልዝ ማን ያስገባህ ነበር?" ብሎ የሚያርም የታሪክ አዋቂ አለ። እሱንም ሌላው ያርመዋል፦ ሞዛምቢክን እንግሊዝ ቅኝ አልገዛቻትም፣ በ1995 ገባች። ሩዋንዳም በ2009። መንግሥት ስደተኛ ወደ ሩዋንዳ ልልክ ነው እያለ ሲዝት በከረመበት ጊዜ፣ ለንደን የሚኖረው ሩዋንዳዊ በፓስፖርቱ ተመዝግቦ መምረጥ ይችል ነበር። ላኪውን የሚመርጠው የሚላክበት አገር ሰው።

እኔ ግን ደረቅ ነኝ፣ ዜጋ ልሁን አልኩ። ፈተናው በ45 ደቂቃ 24 ጥያቄ፣ ለማለፍ 18። የንጉሥ ሄንሪ 8ኛን ስድስት ሚስቶች እንደ ዳዊት በቃሌ ያዝኩ። የማመልከቻው ክፍያ ብቻ ከ1,500 ፓውንድ በላይ። እጄን አንስቼ ማልኩ። ይህ ሁሉ ተደርጎ የመጀመሪያዋ ፖስታ ስትመጣ በደስታ ተንደርድሬ አነሳኋት። አንተ ነበርክ።

ታማኝነት ስለሚባለው ነገር ደግሞ ላውጋህ፣ አንተ በሱ ስለምትኖር። ከታች ፎቅ ያሉት ሽማግሌ እንግሊዛዊ፣ አባታቸውም አያታቸውም አንድ ፓርቲ ነው የመረጡት። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው ለምን ክርስትና ተነሳህ ያልኳቸው ያህል ገርሟቸው አዩኝ። አህያ ላይ የፓርቲውን ጥብጣብ ቢያንጠለጥሉለት ያልፋል የሚባልበት ሰፈር እኮ ነው፣ አባባሉ የራሳቸው ነው፣ የእኔ አይደለም። እኛም ከዚህ የራቅን አይደለንም። ጊዮርጊስ ነህ ቡና እንደሚባለው ነው። ሰው ትዳሩን ይፈታል፣ ክለቡን አይፈታም። የእኛ አባቶች ደግሞ ሌላ ምክንያት አላቸው። የመኖሪያ ፈቃድ ባገኙበት ዘመን ሥልጣን ላይ የነበረውን ፓርቲ እስከ ዕለተ ሞታቸው ይመርጣሉ። መቀየር ለእነሱ የበላበትን ወጭት ሰባሪ መሆን ነው። አንድ ጋሼ አሉ፣ የዘንድሮው ዕጩ ማን እንደሆነ አያውቁም፣ ማወቅም አይፈልጉም። "ልጄ፣ ውለታ ስም አይጠይቅም" ይላሉ።

ግን ይሄ ነገር እየላላ ነው፣ አንተም ሳታውቅ አትቀርም፣ ላብህ ላብህ እያለህ ቤት ለቤት የምትሮጠው ለዚያ ነው። ከለንደን ካውንስሎች ዋንድስወርዝ ከ1978 ጀምሮ የኮንሰርቫቲቭ ነበር፣ ዌስትሚንስተር ደግሞ በ1964 ከተቋቋመ ጀምሮ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም። ሁለቱም በ2022 በአንድ ሌሊት ወደ ሌበር ሄዱ። ሌበርም ደስታው አልከረመለትም። ሜይ 1 ቀን 2025 በተደረገው ምርጫ ሪፎርም የተባለው ፓርቲ 677 መቀመጫና 10 ካውንስል ወሰደ፣ ኮንሰርቫቲቭ ከ600 በላይ አጣ፣ ሌበርም ቆስሎ ወጣ። በዚያው ቀን ራንከርን በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ለፓርላማ የተደረገ ምርጫ በ6 ድምፅ ተወሰነ። ስድስት! የእኛ ዕቁብ እንኳን ከዚያ የሚበልጥ ሰው አለው። እኒያ የታች ፎቁ ሽማግሌም ዘንድሮ የማንንም ወረቀት መስኮታቸው ላይ አልለጠፉም። ምነው ስላቸው ትከሻቸውን ሰበቁ። እንዲያ ዓይነት ትከሻ ያየሁት ፍቺ ፍርድ ቤት በር ላይ ነው።

ይልቅ የማይገባኝ የምትጽፈው ነገር ነው። የስደተኛ ጀልባ እናስቆማለን ትላለህ። ካውንስል እኮ ነው! ባሕር ኃይል የለውም። ጀልባውን ከማስቆሙ በፊት ማታ ማታ መንገዳችን ላይ ፍራሽ የሚጥሉትን ያስቁምልን። ታክሲ ነጂው ወንድሜ ደግሞ የ12.50 ፓውንዱን የጭስ ክፍያ እናነሳለን የሚል ወረቀት ይዞ ደስ ብሎት መጣ። ያንን ያመጣው የለንደኑ ከንቲባ ነው፣ ካውንስሉ የሚችለው የውስጥ ለውስጥ መንገዱን በአበባ ሣጥን መዝጋት ነው ብዬ ደስታውን አበላሸሁበት። ካውንስሉ በእርግጥ የሚሠራውን አንተ ላይ ፈልጌ አጣሁ። ገንዘቡ በብዛት የሚሄደው ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ፣ ለተቸገሩ ልጆች ነው። እሱ ፎቶ ላይ አያምርም መሰለኝ። ጉድጓድ ይሻላል።

ስለ ካውንስል ታክሱም ዝም ነህ። እዚህ እንግሊዝ ክፍያውን የሚወስነው የቤት ደረጃ የሚወጣው በኤፕሪል 1 ቀን 1991 ዋጋ ነው። ደርግ ሊወድቅ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም፣ ጓድ ሊቀመንበር ገና ቤተ መንግሥት ነበሩ። ደርግ ሄደ፣ ኢሕአዴግ መጣ፣ እሱም ሄደ፣ የቤቴ ዋጋ ግን እዚያው ቆሟል። የእኔ ሕንፃ ያኔ ጭራሽ አልተሠራም፣ "ኖሮ ቢሆን ስንት ያወጣ ነበር" ተብሎ ነው የተገመተው። ክፍያው ግን አይቆምም፣ በየዓመቱ ብዙዎቹ 4.99 በመቶ ይጨምራሉ። ልክ እንደ ሱቅ ዋጋ፣ አምስት አይሉትም። 5 ከሞላ ሕዝቡን በድምፅ መጠየቅ አለባቸዋ! በርሚንግሃም በ2023 ካውንስሉ ወጪውን መሸፈን አቅቶኛል ብሎ በይፋ አሳወቀ፣ በ2025 ደግሞ ቆሻሻ አንሺዎቹ አድማ መትተው 17,000 ቶን መንገድ ላይ ተከመረ። አይጡ ድመት ሊያባርር ምንም አልቀረው። እዚያም ወረቀትህ በሰዓቱ እንደደረሰ አልጠራጠርም።

"ድምፅህን ስጠን" ትለኛለህ። በጥር የልጆቹ መኝታ ግድግዳ ሻጋታ አወጣ። ስልክ ደወልኩ፣ አርባ ደቂቃ ፒያኖ ሰማሁ። ኢሜይል ጻፍኩ፣ ኢሜይልህ ደርሶናል የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። ያኔ ድምፄ ነበረ፣ እንዲያውም ጮክ ብሎ ነበረ፣ ተቀባይ ነው ያጣው። የየትኛው ካውንስል እንደሆነ አልናገርም፣ የየትኛውም ሊሆን ስለሚችል።

ግን እሄዳለሁ፣ አትስጋ። በካውንስል ምርጫ ብዙ ጊዜ ከሦስት መራጭ አንዱ ነው የሚወጣው፣ እኔ ያን ሁሉ ከፍዬ ቤት አልቀመጥም። ጣቢያው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ክፍት ነው። እናቴን ይዣት እሄዳለሁ። ከ2023 ጀምሮ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ግዴታ ስለሆነ የ60 ዓመት ነፃ የአውቶቡስ ካርዷን በመሐረብ ቋጥራ ታመጣለች፣ እሱ ይሠራል። ዩኒቨርሲቲ ያለው የወንድሜ ልጅ የተማሪ አውቶቡስ ካርዱ ግን አይሠራም። ለምን እንዳትለኝ። በ2024 ቦሪስ ጆንሰን መታወቂያ ሳይዙ ሄደው ከበር ተመልሰዋል፣ ሕጉን ያወጣው የሳቸው መንግሥት ነበር። እናቴ ይህን ስነግራት "እሰይ! እኛንም ከስንት በር መልሰውናል" አለች።

አንድ የመጨረሻ ቅሬታ። የድሮ ጋዜጣ ስንት ነገር ይሠራ ነበር። አንተ ላይ ግን ፈንዲሻ ብናፈስብህ ትንሸራተታለህ፣ መስታወት አታጸዳም፣ እናቴ በጉልበትህ ታምና ምጣድ ልታስስብህ ሞክራ ቀለምህ ለቆ የመጀመሪያው እንጀራ ጀርባው ቱርኩዊዝ ሆኖ ወጣ። በላነው። ፓርቲውን ግን አንመርጠውም።

ይህን ጽፌ ሳልጨርስ በሩ ቀጭ አለ። ወንድምህ ነው፣ ካርድ ቢጤ፣ ሥሩ በእጅ የተጫረ ፊርማ አለው። "አንኳኩተን አጣንህ፣ እናዝናለን" ይላል።

ማንም አላንኳኳም። በሩ ሥር ቆሜ ነበር።