ለብርድ ሐውልት ይቁምለት

በሚያዝያ ቀትር፣ ባሕር ዳር ውስጥ ከአባይ ማዶ ወደ ፔዳ በሚሄድ ሚኒባስ መስኮት ለመክፈት የሞከረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ባለፈው ሳምንት ሞከርኩ። ሁለት ጣት ያህል እንኳ ሳልገፋው ከኋላም ከጋቢናም ጩኸት ተነሳ። «ኧረ ዝጋው! ብርድ ልታስመታን ነው?» ጩኸቱን የመሩት አባት በአንድ እጃቸው ላባቸውን ይጠርጋሉ፣ በሌላው ጋቢያቸውን ይሰበስባሉ። ዘጋሁት።

ደግሞስ ብርድን ማክበር ሲያንሰን ነው። እንደሱ ታታሪ የት ይገኛል? ወገብ፣ ኩላሊት፣ ጨጓራ፣ ጥርስ፣ ሁሉንም ያለ ረዳት ብቻውን ያዳርሳል። የጎረቤቴን ብርድ ብትሰሙ ትገረማላችሁ። ጣና ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ባሉበት ከታች ገባባቸው። ኩላሊታቸው ዘንድ ጥቂት አረፍ አለ። ከዚያ ወደ ጨጓራ ወጣ፤ ሽሮው አልተስማማውም መሰለኝ፣ ወደ ትከሻ ተዛወረ። ክረምቱን ትከሻ ላይ ከረመ። ለጥምቀት ጆሮ ገባ። ለፋሲካ ጉልበት ወረደ። አሁን የግራ እግራቸው አውራ ጣት ላይ ደርሷል፤ ሊወጣ ትንሽ ነው የቀረው ይላሉ። «ሐኪም ምን አለዎት?» ብላቸው፣ «ሐኪም ስለ ብርድ ምን ያውቃል!» አሉኝ። እውነት ነው፣ እሱ ምስኪን የሚያውቀው ስኳርና ደም ግፊት መለካት ብቻ ነው።

ብርድ ደግሞ ጨዋ ነው። የመታውን ሰው አያሳፍርም፣ ጎረቤት አያሸሽም። ካንሰር «ያ ክፉ በሽታ» ነው፤ ኤችአይቪ «ያ ነገር»። ወባማ ቤተኛ ናት፣ «ትንሽ ነካ አርጋኝ ነው» ይባልላታል፤ ስንቱን እየገደለች።

እዚያው ሚኒባስ ውስጥ አንድ ወጣት ይስላል። «ብርድ ነው፣ ወር አለፈኝ» አለ። ሁላችንም ይማርህ አልነው። አንዷ ዝንጅብል፣ ሌላው ፌጦ በማር አዘዙለት። ተመርመር ያለው የለም! ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል እኮ የቲቢ ምርመራ ያስፈልገዋል። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ የቲቢን ባክቴሪያ ያገኘው በ1882 እ.ኤ.አ. ነው። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል። በሽታው በትንፋሽ ይተላለፋል፣ የታፈነ ቦታ ይመቸዋል። እኛ ግን መስኮቱን ጥርቅም አድርገን፣ ያን ትንፋሽ እየተቀባበልን፣ የምንፈራው ንጹሑን አየር ነው። ያናድዳል!

ይቅርታ፣ ስለ ሐውልቱ ነበር። ጣና ዳር፣ ዘንባባዎቹ ሥር ይቁምለት። ብቻ ጣሪያና ጋቢ አይረሳ፤ ማታ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ራሱን ብርድን ብርድ እንዳያስመታው።