ቃሉን ሸምድደዋል፣ አደጋውን ግን አያውቁትም

ወገኖቼ፣ ልጆቻችን ፈተና ላይ «የመሬት መንሸራተት መንስኤዎችን ዘርዝሩ» ሲባሉ ይዘረዝራሉ። እኛም ውጤቱን አይተን ደስ ይለናል። ዛሬ የምቆጣው በዚህ ደስታችን ላይ ነው፤ የራሴም ጭምር።

ፊሊፒንስን እዩ። እ.አ.አ. በ2008 የአካባቢ ትምህርት በመንግሥትም በግልም ትምህርት ቤት እንዲሰጥ በሕግ ደነገጉ። ኖቬምበርን የአካባቢ ግንዛቤ ወር አደረጉት። በ2013፣ በዚያው በኖቬምበር፣ «ዮላንዳ» ያሉት አውሎ ነፋስ መጣባቸው። ትንበያ ሰጪዎቹ ዝም አላሉም። «ስቶርም ሰርጅ ይመጣል» ብለው ቀድመው አስጠነቀቁ። የባሕር ዳርቻዋ ከተማ የታክሎባን ሰው ሰማ። ግን ቃሉ እንግሊዝኛ ነው፤ ብዙው ሰው ምን ማለት እንደሆነ አልገባውም። የለመዱት ነፋስና ዝናብ መስሏቸው ቤታቸው የቀሩ ብዙ ናቸው። የመጣው ግን ባሕሩ ራሱ ነበር። ነፋሱ እየገፋ ከ5 ሜትር በላይ ከፍ አድርጎ ከተማው ላይ ደፋው። መጠለያ ተብለው ከተዘጋጁት ቦታዎች ውስጥ እንኳ የሰጠሙ አሉ። በአገሪቱ ከ6,000 በላይ ሰው አለቀ። የተረፉት በኋላ ምን አሉ? ሱናሚ ቢሉን ኖሮ እንሸሽ ነበር አሉ።

አንዲት ቃል! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

እኛስ? ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ጎፋ ዞን ውስጥ ናዳ ሰው ቀበረ። ጎረቤት አካፋውን ይዞ፣ ያም ያጣ በእጁ ሊቆፍር ሮጠ። ሁለተኛው ናዳ እነሱንም ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እነሱን የሚወቅስ አንደበት አይኑረን፤ ወገኑ ተቀብሮ ማን ቆሞ ያያል? ተወቃሾቹ ተምረናል የምንለው ነን። አንዱን ናዳ ሌላ ሊከተለው እንደሚችል በገበሬው ቋንቋ፣ ከክረምቱ በፊት፣ በየቀበሌው ማን ነገረው?

መምህራን፣ በእንግሊዝኛ ያስጻፋችሁትን ትርጉም ልጁ ቤቱ ሄዶ ለአያቱ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማስረዳት ይችል እንደሆነ ጠይቁት። ካልቻለ አልተማረም። ወላጆች፣ «ስንት አመጣህ?» ብቻ አትበሉ። ተራራ ሥር የምትኖሩ ደግሞ ልጃችሁን ይዛችሁ ወደ ዳገቱ ውጡ። የተሰነጠቀ መሬት፣ ያዘመመ ዛፍ፣ ድንገት የፈለቀ ውኃ አሳዩት። እነዚህን ካያችሁ ቀበሌ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ በሌሊትም ቢሆን ልጆቹን ይዛችሁ ከዳገቱ ሥር ርቃችሁ ሽሹ።