ዲናሩን ገልብጡት

አክስቴ ባለፈው ዓመት ሊጠይቁኝ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በመጡ ጊዜ፣ ቡና እየጠጣን ሳለ አንዲት ትንሽ የብር ሳንቲም መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። የአውራ ጣት ጥፍር ብታክል ነው፤ ሦስት ግራም ከምናምን ትመዝናለች። መነጽራቸውን አድርገው አገላበጧትና «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አሉኝ። ከፊት ያለችው የሮም እቴጌ፣ ከኋላ ያለችው ደግሞ ሮማውያን ቬነስ የሚሏት አምላክ መሆኗን ስነግራቸው፣ እንደ ፍም ጠረጴዛው ላይ ጣሏት።

«አንተ ልጅ! ሰው አገር ተቀምጠህ ጣዖት ቤትህ ታስገባ ጀመር?»

አንገታቸው ላይ ወዳለው ጠገራ ብር ጠቆምኩ፤ ከእናታቸው የወረሱት ነው። «ይቺስ ማን ናት እትዬ?»

«እሷማ ማርትሬዛ ናት።»

ማርትሬዛም እቴጌ ናት፤ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ። የሞተችው በ1780 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ብሯ ግን እሷ ከሞተች በኋላም ያው 1780 እየተጻፈበት ሲመታ ኖሯል። የእኛን ገበያ ከአሞሌ ጨው ጋር ሲያንቀሳቅስ የኖረውም እሱ ነው። አያቶቻችን ጌጧ ላይ ያሉትን እንቁዎች ሳያዩና ሳይቆጥሩ አይቀበሉትም ነበር ይባላል። በሞተች ሴት ስም ገንዘብ መምታትን ግን ሮማውያን ብዙ ቀድመው ያውቁት ነበር። የቄሣር አንቶኒኑስ ፒዩስ ሚስት ፋውስቲና በ140 ስትሞት ባሏ አምላክ አሰኛት፣ ቤተ መቅደስም አሠራላት። ዓምዶቹ ዛሬም ሮም ላይ ቆመዋል፤ ውስጡ ቤተ ክርስቲያን ሆኗል። እሱ እስከ ሞተበት እስከ 161 ድረስ፣ ሃያ ዓመት ያህል፣ «አምላክ የሆነችው ፋውስቲና» የሚል የብር ዲናር ሲመታ ቆየ። ከኋላ አንዴ ዘላለማዊነት በሴት አምሳል ትቆማለች፣ አንዴ የእህል አምላክ ሴሬስ ችቦዋን ይዛ ትታያለች።

እንደ እኔ የጥንት ሳንቲም የሚሰበስቡ ወዳጆቼ በዚህች ፋውስቲና ይስቁብኛል። እነሱ የሚሯሯጡት ለዩሊየስ ቄሣር፣ ለኔሮ፣ ስሙ ለሚጠራ ወንድ ነው። እቴጌዎቹ ለእነሱ የአልበም ክፍተት መሙያ ናቸው። በእርግጥ ፋውስቲና ብርቅ አይደለችም። በ1929 ቡልጋሪያ ውስጥ ሬካ ዴቭንያ በተባለ ቦታ ከመሬት የወጣው ክምችት ብቻ፣ ተቆጥሮ የተመዘገበው ከ80 ሺህ ሳንቲም በላይ ነው፤ በእንዲህ ያለ ክምችት ውስጥ እሷና ልጇ በሽ በሽ ናቸው። ስለዚህም መልኳ በደንብ የሚታይ ዲናር ከ100 ዩሮ ባነሰ ዋጋ ይገኛል።

እኔ ደግሞ ለጀማሪ የምመክረው እሷኑ ነው፤ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ልጆች ሆነን ሳንቲም ስናጎን «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» እንባባል ነበር። የሮም እቴጌዎችን የሚሰበስብ ሰው ጎፈሩን ይምረጥ። ከፊት ያለችው ሴትዮዋ ናት፤ ከኋላ ያለችው አምላክ ደግሞ ቤተ መንግሥቱ ሴትዮዋን ምን ሁኚ እንዳላት ትናገራለች።

መገልበጥ ያስተማረኝ ሁላችንም የምናውቀው ታሪክ ነው። ፈሪሳውያን ስለ ግብር ሲጠይቁ ዲናር አምጡ ተባሉ፤ መልኩና ጽሕፈቱ የማን እንደሆነም ተጠየቁ። የቄሣር ነው አሉ። ብዙ ሰብሳቢዎች ያ ዲናር የጢባርዮስ ነው ብለው ያምናሉ። የጢባርዮስን ዲናር ስትገለብጡት አንዲት ሴት በትርና ቅርንጫፍ ይዛ ተቀምጣለች። ሰላም የተባለችው አምላክ ናት የሚሉ አሉ፤ በሰላም አምሳል የተቀረጸችው የቄሣሩ እናት ሊቪያ ናት የሚሉም ብዙ ናቸው። የተጠየቀው ስለ ፊቱ ብቻ ስለነበር ስለ እሷ የተናገረ አልነበረም።

የፋውስቲና ልጅ፣ ታናሿ ፋውስቲና፣ የቄሣር ማርቆስ አውሬሊዎስ ሚስት ነበረች። ከደርዘን ያላነሱ ልጆች ወልዳለች፤ አብዛኞቹን ቀብራቸዋለች። ብዙዎቹ ዲናሮቿ ስለ መውለድ ነው የሚያወሩት፤ መራባት የምትባለው አምላክ ሕፃን ታቅፋ፣ ሌሎች ልጆች እግሯ ሥር ቆመው ትታያለች። እኔ ጋ ያለው ግን ሴት የሌለበት ነው። ጨርቅ በለበሰ ዙፋን ላይ ሁለት ሕፃናት ብቻ ተቀምጠዋል፤ ዙሪያውን «የዘመኑ ደስታ» ይላል። በ161 የተወለዱት መንትዮች መሆናቸው ነው። አንዱ በአራት ዓመቱ ሞተ። የተረፈው ኮሞዱስ ነው፤ እሱ ነግሦ ያደረሰውን ግፍ የሮምን ታሪክ የቀመሰ ሁሉ ያውቃል።

የፕላውቲላ ደግሞ ይብሳል። ይቺን ልጅ በ202 ለቄሣር ሴፕቲሚዩስ ሰቨረስ ልጅ፣ ለወጣቱ ካራካላ ዳሩለት። አልወደዳትም፤ ከእሷ ጋር ማዕድም አልጋም አልቀርብም አለ ይባላል። በዚያው ሰሞን የተመታው ዲናር ላይ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል፤ ጽሑፉ «ለዘላለማዊ ስምምነት» ይላል። በ205 አባቷ ተገደለ፣ እሷም ወደ ደሴት ተጋዘች፤ ኋላ ካራካላ እዚያው አስገደላት። ምስሏ ከድንጋይ ሐውልት ሳይቀር እንዲጠፋ ተደርጓል። ሮም ውስጥ ገንዘብ ለዋጮች ባሠሩት ቅስት ላይ እሷ የነበረችበት ቦታ እስከ ዛሬ ተፍቆ ባዶ ነው። ሳንቲሟን ግን ከስንቱ ኪስና ከስንቱ ማሰሮ ለቅሞ ይጨርሰዋል? ዛሬም ጨረታ ላይ እጇን እንደዘረጋች ትቀርባለች።

እኔም የመጀመሪያዋን ፕላውቲላ ከአንድ የእሑድ ገበያ ነጋዴ ገዝቼ ተሸውጃለሁ። ጠርዟ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን ስፌት መሳይ መስመር ነበራት፤ ፊደሎቿም ሳሙና የተቀቡ ይመስል ድልዝ ያሉ ነበሩ። በመዶሻ የተመታ ሳንቲም እንዲህ አይሆንም። ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ነው እንዲህ የሚሆነው፤ ይህን ያወቅሁት ግን ከከፈልኩ በኋላ ነው። በሮም ዘመን የተሠራ ሐሰተኛ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ። የዚያ ዘመን አጭበርባሪ መዳቡን በስስ ብር ይሸፍነው ስለነበር፣ ብሩ ሲላጥ ከእቴጌይቱ ጉንጭ ሥር አረንጓዴ ዝገት ብቅ ይላል። እንዲህ ያለውን ፈልጌ እገዛለሁ።

ከሐሰተኛው ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ወረቀት የሌለው እውነተኛ ነው። ጥሩ ነጋዴ ሳንቲሙ ቀድሞ በማን ጨረታ እንደተሸጠ፣ በየትኛው ዓመት እንደነበር ይነግራችኋል። «ከድሮ ስብስብ ነው» ብሎ ዝም የሚለውን እለፉት። ይህን የምለው የሕግ ፍርሃት ይዞኝ አይደለም። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የግሪክ የባሕር ንግድ መምሪያ፣ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል እዚያ ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች የሚሆን ጥቂት ዲናር ይጠቅሳል። ኤርትራ ውስጥ መጠራ ላይ በተደረገ ቁፋሮም ጌጥ የተደረጉ የሮም የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። የአንዲት የአክሱም ዘመን ሴት የአንገት ጌጥ ሳይሆኑ አልቀሩም። እነዚያን ሌሊት በመብራት የቆፈረ ሰው አግኝቷቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ለየብቻ ተበትነው፣ ከየት እንደመጡ ማንም ሳያውቅ ይሸጡ ነበር። የራሳችን የአክሱም ሳንቲሞች እኮ እየደረሰባቸው ያለው ይኸው ነው። በእነሱ የሚያዝን ሰው፣ የፋውስቲናን ወረቀት ሳይጠይቅ ሲገዛ ሳይ ይገርመኛል።

አክስቴ የጣሏት ዲናር የዩሊያ ዶምና ናት። ዛሬ ሆምስ የምንላት የሶሪያ ከተማ የካህን ልጅ ነበረች፤ ባሏ ሴፕቲሚዩስ ሰቨረስ ደግሞ ከዛሬዋ ሊቢያ ነው። ለወታደሩ ደሞዝ ጨምሮ ገንዘቡን በመዳብ የበረዘው እሱ ነው። በፋውስቲና ጊዜ ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ብር የነበረው ዲናር በዶምና ጊዜ ወደ ግማሽ ወርዷል። ከጀርባዋ ያልቆመች አምላክ የለችም ማለት ይቻላል። በአንበሶች መካከል የተቀመጠችው የአማልክት እናት አለች። ኢሲስ ሕፃኑን ሆረስን ስታጠባም አለች፤ ያቺን ለአክስቴ ላሳያቸው አልደፈርኩም፣ ምስለ ፍቁር ወልዳን ለሚሳለሙ ሴትዮ ማስረዳቱ ከባድ ነው።

ባሏ በ211 መጀመሪያ ሞተ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ልጇ ካራካላ ጌታ የሚባለውን ታናሽ ወንድሙን አስገደለው፤ ልጁ ሸሽቶ እናቱ እቅፍ ውስጥ እንዳለ ነው የወጉት። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ካሲየስ ዲዮ እንደሚለው እሷም እጇን ቆሰለች። ማልቀስ ተከለከለች፤ ትልቅ ዕድል እንደገጠማት ሆና እንድትስቅ ተገደደች። ከዚያ ዓመት በፊት ብዙዎቹ ዲናሮቿ «ዩሊያ አውጉስታ» ይሉ ነበር። ከዚያ በኋላ «ዩሊያ፣ መንፈሳዊቷ፣ ዕድለኛዋ፣ አውጉስታ» ማለት ጀመሩ። የእኔዋ ከእነዚህ አንዷ ናት። ከኋላዋ የተቀመጠችው ቬነስም «ወላጅ እናት» የሚል ቅጽል አላት።

ይህን ሁሉ ስነግራቸው አክስቴ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ስንት ዓመቱ ነበር ልጁ?»

«22።»

«አልቅሺ እንኳ አላሏትም?»

ሳንቲሟን አነሷት፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጓት። የጥንት ብር እንዲህ አይታሽም ልል አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። ከዚያ ፊቷን ወደ ላይ አድርገው ሲኒው አጠገብ አስቀመጧት።